የመጀመሪያው ዝርዝር፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የቤተ መጻሕፍት ሙያ

የአንድ አገር የጽሕፈት ሀብት የሚታወቀው መጻሕፍት በመኖራቸው ብቻ አይደለም፤ መኖራቸውን የሚመሰክር ዝርዝር ሲኖርም ነው። በዝርዝር ያልገባ መጽሐፍ ቢጠፋ መጥፋቱን የሚያውቅ፣ ቢሰረቅም የማን እንደ ነበረ የሚያስረዳ ማስረጃ አይገኝም። ስለዚህ የመጻሕፍትን ዝርዝር ማዘጋጀት ከቤተ መጻሕፍት ሥራዎች ሁሉ የቀደመና ለሌሎቹም መሠረት የሆነ ተግባር ነው።

በአገራችን ያሉ የጥናትና የምርምር አብያተ መጻሕፍት መጻሕፍትን የማሰባሰብ፣ የመመዝገብ፣ የማዋስና የመቍጠር ሥራቸውን ከካርድ ሣጥን ወደ ኮምፒዩተር በሚያሸጋግሩበት ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሣሪያው ነው። የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል፣ ስንት ኮምፒዩተር ያስፈልጋል፣ ማን ይጠግነዋል ይባላል። ወደ መሣሪያው የሚገባው ዝርዝር በማን፣ በምን ሥርዓትና ለማን ጥቅም ተዘጋጀ የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ጥያቄ በሚገባ ለማየት፣ ኮምፒዩተር ይቅርና ዘመናዊ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንኳ ባልነበረበት ዘመን የአገሪቱን መጻሕፍት ካታሎግ አዘጋጅተው ያሳተሙትን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በደራሲነታቸውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ስማቸው የታወቀ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለእኛ ሙያ ቅርብ የሆነውን ከፍ አድርጎ ማሳየት ነው።

ልደትና ትምህርት

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐቤቴ ተወለዱ። መርሐቤቴ እንደ ጀማና ወንጪት ባሉ ወንዞች ጥልቅ ሸለቆዎች የሚዋሰን አምባማ አገር ሲሆን፣ ከእርሱ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከፍ ብሎ የመንዝና የግሼ ደጋ ይገኛል። በዚያ ዘመን በእነዚህ አገሮች ለሚወለድ ልጅ የዕውቀት በር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበረ። ልጁ ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያም አቅሙና ዕድሉ የፈቀደለት ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይሻገራል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ መጽሐፍ በብራና ተጽፎ፣ በማኅደሩ ተከቶ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት የሚቀመጥ ውድ ንብረት ነው። ተጠያቂው ቄሰ ገበዙ ነው። የትኛው መጽሐፍ በማን እንደ ተሰጠ፣ የትኛው ለየትኛው በዓል እንደሚወጣ፣ የትኛው በውሰት ወደ ጎረቤት ደብር እንደ ሄደ እርሱ ያውቃል። አንዳንድ ጊዜም የደብሩ ንብረትና የመጻሕፍቱ ዝርዝር በወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፋል። የዚህ ልማድ ጥንታዊ ምሳሌ በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ላይ የሰፈረው የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። ሆኖም በብዙ ቦታ ካታሎጉ በጠባቂው አእምሮ የተያዘ ስለ ነበረ፣ ጠባቂው ሲሞት ወይም ሲሻር ዝርዝሩም አብሮት ይሄድ ነበር።

ኅሩይ የወጡት ከዚህ ዓለም ነው። ለመጻሕፍት የነበራቸው ፍቅርና መጽሐፍን በስሙና በይዘቱ ለይቶ የማወቅ ችሎታቸው መሠረቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንጂ የውጭ አገር ትምህርት ቤት አልነበረም። በኋላ ዘመን ብዙ አገር የዞሩና ከብዙ ሕዝብ ጋር የተዋወቁ ሰው ቢሆኑም፣ የአጻጻፋቸው ቅርጽና የአስተሳሰባቸው ሥር እስከ መጨረሻው ድረስ ከዚሁ ትምህርት አልተለየም።

ከእንጦጦ እስከ ለንደን

ወጣቱ ኅሩይ ከመርሐቤቴ ወጥተው በእንጦጦ ራጉኤል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። እንጦጦ በዚያን ጊዜ የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ ስለ ነበረች፣ ከየአገሩ የመጡ ሊቃውንት የሚገናኙባትና መጻሕፍት የሚጻፉባት ቦታ ነበረች። ኅሩይ በትምህርታቸው እየበሰሉ ሲሄዱ ችሎታቸው ታውቆ በቤተ መንግሥት አካባቢ በጸሐፊነት ለማገልገል በቁ።

በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዘውድ በጫኑበት ጊዜ ኢትዮጵያን ወክሎ ወደ ለንደን በሄደው፣ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በተመራው መልእክተኛ ጓድ ውስጥ ኅሩይ ነበሩበት። ይህ ጉዞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገውን ሊቅ ከአውሮፓ ጋር ያስተዋወቀ ነበር። ለንደን በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱት የብራና መጻሕፍት የሚገኙባት ከተማ መሆኗንም እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

የ1904ቱ ካታሎግ

ኅሩይ ከተወለዱ በኋላም ሆነ ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ መጻሕፍት ካታሎግ አልነበረም ማለት አይቻልም። ነበረ፤ ነገር ግን የተዘጋጀው በውጭ አገር፣ በውጭ ቋንቋ፣ ከኢትዮጵያ ስለ ወጡ መጻሕፍት ነበረ። ጀርመናዊው ሊቅ አውጉስት ዲልማን በ1847 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሙዚየም፣ በተከታዩም ዓመት በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ ጽሑፎች በላቲን ዘርዝሯል። አንትዋን ዳባዲ የራሱን ስብስብ ካታሎግ በ1859 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ አሳትሟል። በ1877 እ.ኤ.አ. ዞተንበርግ የፓሪሱን፣ ዊልያም ራይት ደግሞ የብሪቲሽ ሙዚየምን ካታሎግ አወጡ። ከመቅደላ ወደ ሙዚየሙ የገቡት 350 ያህል ጽሑፎች የተዘረዘሩት በዚሁ በራይት ሥራ ውስጥ ነው። ኅሩይ በመርሐቤቴ ሲወለዱ ይህ መጽሐፍ ገና ከማተሚያ ቤት ከወጣ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር።

ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረው ሁኔታ እንግዳ ነበረ። ከአገር የወጣው መጽሐፍ ቍጥርና መግለጫ ኖሮት በለንደንና በፓሪስ ለሚገኝ ተመራማሪ ሁሉ ሲታወቅ፣ በአገር የቀረውና በብዛት እጅግ የሚበልጠው መጽሐፍ ግን ከየደብሩ ቅጽር ውጪ የሚያውቀው አልነበረም። ባለቤቱ ስለ ራሱ መጻሕፍት ለማወቅ የውጭ ሰው ካታሎግ መመልከት ነበረበት።

ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያሳተሙት፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት የሚዘረዝረው ካታሎግ ይህን ሁኔታ የለወጠ የመጀመሪያ እርምጃ ነበረ። ደራሲው በዚያን ጊዜ የ34 ዓመት ሰው ነበሩ። ሥራው በገጹ ብዛት ትልቅ አይደለም። ለሙያችን ያለው ዋጋ ግን በገጹ ብዛት የሚመዘን አይደለም፤ ኅሩይ ዝርዝሩን ለመሥራት ቈርጠው በወሰኗቸው ነጥቦች ነው እንጂ።

አንደኛው ውሳኔ የዝርዝሩ ወሰን ነው። ካታሎጉ የአንድ ደብር ወይም የአንድ መኰንን ግምጃ ቤት ቈጠራ አይደለም፤ የአገሪቱን መጻሕፍት በአንድነት ይመለከታል። በዚህም ረገድ ዛሬ ብሔራዊ የመጻሕፍት ዝርዝር የምንለው ሥራ ፈር ቀዳጅ ነው። ሁለተኛው ውሳኔ ግዕዝንና አማርኛን በአንድ ዝርዝር ማስቀመጣቸው ነው። በዚያ ዘመን የመጽሐፍ ቋንቋ ሲባል ግዕዝ ነበረ፤ አማርኛ በኅትመት ገና ብቅ ማለቱ ነበር። አማርኛን ከግዕዝ ጋር በአንድነት መዘርዘር ለአዲሱ ጽሑፍ ማዕረግ መስጠት ነበረ። ሦስተኛው ውሳኔ ቋንቋው ነው። ካታሎጉ የተጻፈው በአማርኛ ስለ ሆነ የታሰበለት አንባቢ የአገሩ ሰው እንደ ነበረ ግልጽ ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ የግዕዝ መጻሕፍትን የሚዘረዝር ሰው ሁሉ የሚገጥሙት ሁለት ችግሮች አሉ። አንዱ የስም ነገር ነው፤ አንድ ድርሰት በአንዱ ደብር በአንድ ስም፣ በሌላው ደብር በሌላ ስም ሊጠራ ይችላል፤ የብዙዎቹም ደራሲ አይታወቅም። ሁለተኛው የድርሰትና የቅጂ ልዩነት ነው። ተአምረ ማርያም እንደ ድርሰት አንድ ነው፤ እንደ ቅጂ ግን በየደብሩ ይገኛል፤ አንዱ ቅጂም ከሌላው በተአምራቱ ብዛትና በቅደም ተከተሉ ሊለይ ይችላል። እንዲሁም በአንድ ጥራዝ ውስጥ ብዙ ድርሰቶች ተጠርዘው ይገኛሉ። የአገር መጻሕፍት ዝርዝር የሚቈጥረው ድርሰቱን ሲሆን፣ የዕቃ ቤት ቈጠራ የሚቈጥረው ጥራዙን ነው። ይህ ልዩነት ከብዙ ዘመን በኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የአብያተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ጥናት ድርሰትና ቅጂ ተለይተው እንዲመዘገቡ ሐሳብ የቀረበበት ራሱ ጉዳይ ነው።

ኅሩይ አንድ ጊዜ አሳትመው አልተዉትም። ከ16 ዓመት በኋላ በ1920 ዓ.ም. ካታሎጉን አድሰው እንደ ገና አወጡት። በመካከሉ የነበረው ዘመን የአማርኛ ኅትመት በፍጥነት ያደገበት ነበረ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ያቋቋሙት የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሥራ ጀምሮ ነበር፤ በዚሁ ስም የተጠራውም ጋዜጣ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ይወጣ ነበር። የድሮው ዝርዝር ለአዲሱ ዘመን እንደማይበቃ ኅሩይ ተገንዝበው ነበር። ካታሎግ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሳይሆን ሁልጊዜ የሚታደስ ሥራ መሆኑን በቃል ሳይሆን በተግባር አሳይተዋል።

በአገልግሎትና በድርሰት

የኅሩይ ሕይወት በመጻሕፍት ዝርዝር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትና በኋላም በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሡትን ክርክሮች በሚመለከተው ልዩ ፍርድ ቤት በኃላፊነት ሠርተዋል። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደው ጋር ወደ አሜሪካ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። በመስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን በጄኔቫ ከነበሩት የኢትዮጵያ መልእክተኞች መካከልም ነበሩ። በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጐበኙ አብረው ሄደዋል። በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን የተላከውን መልእክተኛ ጓድ መርተው፣ ያዩትን ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈዋል። ብላቴን ጌታ የሚለውን ማዕረግ ከተቀበሉ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ አገልግለዋል።

በዚህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ መካከል ከ20 በላይ መጻሕፍት ማዘጋጀታቸው የሚያስደንቅ ነው። ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ በ1910 ዓ.ም.፣ ወዳጄ ልቤ በ1915 ዓ.ም.፣ ዋዜማ በ1921 ዓ.ም.፣ የልብ አሳብ በ1923 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓለም ደግሞ በ1925 ዓ.ም. ወጥተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚቀርበው በ1915 ዓ.ም. የታተመው የሕይወት ታሪክ ነው። ይህ መጽሐፍ በአገሪቱ ታሪክ ስማቸው የሚነሣውን ሰዎች አጭር ታሪክ ሰብስቦ የያዘ በመሆኑ የማመሳከሪያ መጽሐፍ ነው። ካታሎጉ መጻሕፍትን እንደ ሰበሰበ ይህኛው ሰዎችን ሰበሰበ። ሁለቱንም ያስገኘው አንድ ልማድ ነው፤ የተበተነውን አንድ ቦታ አሰባስቦ ለሚመጣው ትውልድ ማስረከብ።

ኅሩይ ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት በማቋቋምም መጽሐፍ ከደራሲው እጅ እስከ አንባቢው የሚሄድበትን መንገድ በሙሉ አውቀውታል። ደራሲ፣ አሳታሚና የካታሎግ አዘጋጅ በአንድ ሰው የተገናኙበት ሁኔታ በታሪካችን ብዙ ጊዜ የሚገኝ አይደለም።

ወረራና ስደት

በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ብዙ የደከሙበት የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ኅትመት ከዚሁ መከራ ጋር ተጋጨ፤ ወረራው በመድረሱ ሥርጭቱ ተሰናክሎ ለብዙ ዘመን በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ የሚገኝ መጽሐፍ ሆኖ ቀረ። በአገር የቀሩት ወገኖቻቸውም ከመከራው አላመለጡም፤ በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ በወራሪው ከተገደሉት ወጣት ምሁራን አንዱ ነበር።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ የመጨረሻ ጊዜያቸውን ያሳለፉት በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተቀመጡበት ፌርፊልድ በተባለው ቤት ነበረ። በዚያም መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በ60 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። የአገራቸውን ነጻነት መመለስ ለማየት አልታደሉም።

በጦርነትና በስደት ዘመን የዝርዝር ጥቅም ይበልጥ ይገለጣል። የተቃጠለን መጽሐፍ ዝርዝሩ አይመልሰውም፤ ነገር ግን ነበረ ብሎ ይመሰክራል። ተመራማሪ ፈልጉ የሚባለውን የሚያውቀው በዚህ ምስክርነት ነው።

ከኅሩይ በኋላ

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት፣ በስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ኃላፊነት የተደራጀው ቤተ መጻሕፍቱ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ሁሉ ለማሰባሰብ ተነሣ። ኅሩይ በብቸኝነት የጀመሩት ሥራ በዚህ መንገድ የተቋማት ሥራ ሆነ።

በየደብሩ ያለውን የብራና መጽሐፍ በተመለከተ ትልቁ እርምጃ የተወሰደው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍትና በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ትብብር የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። ሥራው ከ9000 በላይ ጽሑፎችን ፎቶግራፍ ያነሣ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የተገኙት ከሸዋና ከወሎ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ነው። ቀደም ሲል የጠቀስነው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌልም በዚህ ስብስብ 1832 የሚል ቍጥር ተሰጥቶታል። የስብስቡ ካታሎግ ከ1975 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. በ10 ቅጽ እስከ 5000ኛው ጽሑፍ ድረስ ታትሟል። መጀመሪያዎቹን ቅጾች ያዘጋጁት ዊልያም ማኮምበር ሲሆኑ፣ ከ4ኛው ቅጽ ጀምሮ ትልቁን ድርሻ የያዙት በሸዋ በሸንኮራ የተወለዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለሙያችን ያበረከተው ድርሻ በዚህም ሁለተኛ ጊዜ ታየ። ፎቶግራፍ ለማንሣት ካሜራ በቂ ነው፤ የተነሣውን አንብቦ ይህ ድርሰት ይህ ነው፣ ከዚያኛው ቅጂ በዚህ ይለያል ለማለት ግን ሊቅ ያስፈልጋል።

በዚሁ ዘመን በውጭው ዓለም የካታሎግ ሥራ ወደ ኮምፒዩተር ይገባ ነበር። በአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ሄንሪየት አቭራም የመሩት ቡድን ኮምፒዩተር የሚያነበውን፣ ማርክ የተባለውን የካታሎግ ቅርጽ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞክሮ ሥራ ላይ አዋለ። ዩኔስኮ ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች ያዘጋጀውና ያለ ክፍያ ያደለው ሲዲኤስ አይሲስ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቅማቸው ውስን ለሆነ አብያተ መጻሕፍት በር ከፈተ። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒው ዚላንድ የተሠራው ኮሃ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ለአገልግሎት በቃ። ፊደላችን ግን ከዚህ ግስጋሴ ጋር እኩል አልሄደም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል አዘጋጅ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር፤ በዚህም ምክንያት የአማርኛ መጻሕፍት ስም በላቲን ፊደል እንዲመዘገብ ግድ ይሆን ነበር።

የአንድ ሰው ስምና ኮምፒዩተር

ፊደሉ በኮምፒዩተር መገኘቱ ግን የካታሎግን ችግር በሙሉ አልፈታም። ለዚህም ከራሳቸው ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ስም የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ስማቸው ኀረየ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ትክክለኛ አጻጻፉ በብዙኃን ኀ፣ ኅሩይ ነው። በልማድ ግን ህሩይ፣ ሕሩይ፣ ሂሩይም ተብሎ ይጻፋል። ሥላሴ በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ሊጻፍ ይችላል። ወልደ ሥላሴ አንድ ጊዜ ተለያይቶ፣ ሌላ ጊዜ ተጋጥሞ ይገኛል። አራቱ በሁለት፣ እንደ ገናም በሁለት ሲባዛ የአንድ ሰው ስም 16 መልክ ይኖረዋል። ይህም ብላታና ብላቴን ጌታ የሚሉት ማዕረጎችና በላቲን ፊደል ያሉት አጻጻፎች ሳይታከሉ ነው።

ለሰው ዐይን እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ለየራሳቸው የተለየ ቍጥር ያላቸው ሦስት ፊደላት ናቸው። ደራሲውን በአንዱ አጻጻፍ የፈለገ አንባቢ በሌሎቹ የተመዘገቡትን መጻሕፍት አያገኝም፤ የሉም ብሎም ተስፋ ቈርጦ ይሄዳል። በፊደል ተራ ሲደረደሩም ህሩይ በመጀመሪያው ፊደል ሥር፣ ሕሩይ በሦስተኛው፣ ኅሩይ ደግሞ ከተ በኋላ ርቀው ይቀመጣሉ። ከዚህም ሌላ በአገራችን ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ሆኖ ሳለ፣ በውጭ አገር አንዳንድ ካታሎጎች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው ወልደ ሥላሴ በሚለው ሥር ያስገቡታል።

የዘመን ቍጥርም እንዲሁ ነው። በመጽሐፉ ላይ 1904 የሚለው በዓመተ ምሕረት ነው። መዝጋቢው ይህን ሳይለይ ቢያስገባው ኮምፒዩተሩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወስዶ መጽሐፉን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ካታሎጉ ደራሲው ከለንደን ጉዞ ከተመለሱ በኋላ ሳይሆን ከመሄዳቸው ከብዙ ዓመት በፊት የታተመ ይመስላል፤ ከዚህ የሚነሣ የታሪክ ትንተና ሁሉም ይሳሳታል።

እነዚህ ችግሮች መፍትሔ የላቸውም ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ የጸደቀ አጻጻፍ ተወስኖ፣ ሌሎቹ አጻጻፎች ሁሉ ወደ እርሱ የሚመሩበት የደራስያን ስም መዝገብ ማዘጋጀት ይቻላል። ሁለተኛ፣ በፍለጋ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቈጥር ማድረግ ይቻላል። በመዝገቡ ላይ ግን መጽሐፉ የያዘው አጻጻፍ እንዳለ መቀመጥ አለበት፤ በግዕዝ ሠረቀ ወጣ ማለት ሲሆን ሰረቀ ግን ሌብነት ነውና። ሦስተኛ፣ የኅትመት ዘመን በሁለቱም አቈጣጠር በየራሱ ቦታ መመዝገብ ይቻላል። አራተኛ፣ በተለይ ለብራና መጻሕፍት፣ ድርሰቱና ጥራዙ ተለይተው ሊመዘገቡ ይገባል። ከእነዚህ አንዱንም ማሽኑ በራሱ አይወስነውም። የሚወስነው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው፤ አንድ ቤተ መጻሕፍት ብቻውን ከሚወስነውም ይልቅ በማኅበር ተመክሮ የተወሰነው ይጠቅማል፤ አለበለዚያ የአንዱ መዝገብ ከሌላው ጋር ሊገናኝ አይችልም።

ማጠቃለያ

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ካታሎግ ዛሬ በሚጠየቀው የሙያ መለኪያ ቢመዘን የሚጐድለው ብዙ ይሆናል። አንድ ሰው ያለ ረዳትና ያለ ተቋም የሠራው ሥራ ነውና ይህ አያስገርምም። የሚያስገርመው ሥራው መታሰቡና መፈጸሙ ነው። ደራሲው ማተሚያው፣ ገንዘቡና ጊዜው እስኪሟላ አልጠበቁም። በእጃቸው በነበረው መሣሪያ፣ በብዕርና በእርሳስ ፊደል፣ ሊወሰን የሚገባውን ወስነው ሠሩት፤ ዘመኑ ሲለወጥም አደሱት።

ከመርሐቤቴ እስከ መንዝና ግሼ በየአምባው ባሉት አብያተ ክርስቲያናት በዕቃ ቤት ተቀምጦ የሚገኘው መጽሐፍ በማይክሮፊልም የተነሣም ቢሆን ያልተነሣ፣ በቦታው ላይ የሚጠብቀው ቄሰ ገበዝ የሚይዘው ግልጽ ዝርዝር ያስፈልገዋል። ለዚህ ኮምፒዩተር እስኪገዛ መጠበቅ አያሻም። በአንድ ሥርዓት የተሞላ የወረቀት ዝርዝር ነገ ወደ ኮምፒዩተር ለመግባት የሚያስቸግረው ነገር የለም፤ ያለ ሥርዓት የተሞላ የኮምፒዩተር መዝገብ ግን ከወረቀቱ ይብሳል፤ ስሕተቱን በፍጥነት ያባዛልና። ማኅበራችን የደራስያንን ስም መዝገብና የብራና መጻሕፍትን መመዝገቢያ ቅጽ በጋራ አዘጋጅቶ ለአባላቱና ለአብያተ ክርስቲያናት ቢያቀርብ፣ በ1904 ዓ.ም. በአንድ ሰው የተጀመረውን ሥራ በሚገባው መንገድ ያስቀጥላል። የስም መዝገቡም ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ መካከል ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሚለው ስም በትክክለኛ ፊደሉ ቢሰፍር ለሥራቸው የሚገባ መታሰቢያ ይሆናል።